ባለቤት ያጣው ድንጋይ

ጠጋ በሉ፣ ልጆች። በሩ አጠገብ አትቀመጡ፣ ዝናቡ ይረጫችኋል። ሐምሌ ነው፤ ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ዘግቶታል፣ ዛሬ የሚመጣብንም የምንሄድበትም የለም። በቆሎውን እየፈለፈላችሁ ስሙኝ፤ እጃችሁ ለሥራው፣ ጆሯችሁ ለእኔ ይሁን። ስጨርስ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። መልሱን እኔም አላውቀውም፤ ስለዚህ ፊት ፊቴን እያያችሁ ለመገመት አትድከሙ።

በአንድ ወቅት ቁልቋል ሜዳ በሚባል አገር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ጌጡ ነጭ ሽንኩርት ይነግዳል። ጌጡ አፉ የማያርፍ፣ ያገኘውን ሁሉ «ወዳጄ» የሚል፣ ሰው የሚወደው ሰው ነበር። እሷ ደግሞ ዝምተኛ ናት። ገበያ ውሎ ሲገባ ያየውንም የሰማውንም እግሩን እየታጠበ ይዘረግፍላታል፤ ነገ የሚነገረውንና የማይነገረውን የምትለይለት እሷ ነበረች። «ይቺን ተዋት» ካለችው ይተዋታል። ዳምጤ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፣ ጎረምሳ፣ አባቱን የሚያመልክ።

በዚያ አገር ወንድ ሆኖ ጠመንጃ የሌለው እንደ ሰው አይቆጠርም። ክፉዎች ናቸው ብላችሁ እንዳትይዙብኝ። አገሩ ዳር አገር ነው፤ ከብት የሚነዳ ሽፍታ አለ፣ አዝመራ የሚጨርስ ዝንጀሮ አለ። ደግሞም ማንም ተነስቶ አይታጠቅም፣ ሥርዓት አለው። ጠመንጃ ሊይዝ የፈለገ ሰው ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያው ሳይደራ፣ ከዋርካው ሥር ይቆማል። ከቤተሰቡ አንድ፣ ከገበያተኛው አንድ ምስክር አብረውት ይቆማሉ። የሚሊሻው አዛዥ ሃምሳ አለቃ ሞላልኝ ሕዝቡ እየሰማ አራት ነገር ይጠይቃል። ይሰክራል ወይ? ደም የተቃባው ሰው አለ ወይ? የሰው ንብረት ነክቶ ያውቃል ወይ? አእምሮው ሙሉ ነው ወይ?

በሦስቱ ላይ ሰው አይተፋፈርም። አንድ ጊዜ ስለ አንዱ ጎልማሳ «ይሰክራል ወይ?» ተብሎ አጎቱ ቢጠየቅ «ከሰኞ በቀር» አለና ሕዝቡ በሳቅ ሞተ። ሰውዬው ጠመንጃውን ተከልክሎ ሄደ፤ መጠጡን ትቶ በዓመቱ ተመልሶ ወሰደ። ይኼ ጥሩ ነው። በአራተኛው ላይ ግን ያ ዋርካ ከተተከለ ጀምሮ «የለም፣ ሙሉ አይደለም» ያለ ሰው ሰምቶ አያውቅም። እዚያ ሥር አንዴ ከተነገረ ቃሉ ሰውዬውን ብቻ ተከትሎ አይቀርም። እህቱን ባል ያሳጣታል፣ ለልጆቹ ይተርፋል፣ «የእነ እንትና ዘር እኮ ናቸው» ይባላል። ስለዚህ ሃምሳ አለቃው ይጠይቃል፣ ምስክሩ «ሙሉ ነው» ይላል፣ ሁሉም ወደ ገበያው ይበተናል። ጥያቄው ነበረ፤ መልሱ ግን ከመጠየቁ በፊት የታወቀ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከዋርካው ሥር የቆመው አዳሙ ነበር። አዳሙ ንብ አርቢ ነው። ድምፁ ቀስ ያለ፣ እጁ ለስላሳ፤ ንቦቹ እንኳ አይነድፉትም ይሉ ነበር። ሚስት ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ እሺ ተብሏል፤ የልጅቷ ወገኖች እዚያው ሕዝቡ መሀል ቆመዋል። ከቤተሰብ የመሰከረለት ታላቅ ወንድሙ በላቸው ነው። ከገበያተኛው የመሰከረለት ማን መሰላችሁ? የአንጓች ባል፣ ጌጡ።

«አእምሮው ሙሉ ነው ወይ?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ሙሉ ነው» አለ በላቸው።

«ከእኔማ ይሻላል፤ እኔን ንብ ይነድፈኛል» አለ ጌጡ።

ሰው ሳቀ። አዳሙም ሳቀ። ጠመንጃው ተሰጠ።

ከዚያ ዓመት ሄደ፣ ዓመት መጣ። አንድ የገበያ ቀን አዳሙ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። ማንም ልብ አላለው፤ ግማሹ ገበያተኛ ያነገተ ነው። አንጓች ጨው ልትገዛ ዞር ብላ ነበር። አዳሙ ነጭ ሽንኩርት ተራ ሲደርስ ቆመና «ዝም በሉ» አለ። «ዝም በሉ እንጂ፣ ዝም በሉ።» ማንም አላናገረውም ነበር። ጌጡ ብቻ ቀና ብሎ «ምነው ወዳጄ፣ ማን አስቀየመህ?» አለው። ያን ጊዜ ተኮሰ። መላልሶ ተኮሰ። ጌጡ ሞተ። ከቆላ ሸክላ ይዛ የመጣች አንዲት ሴት ሞተች። ሌሎችም ቆሰሉ። ጥይቱ ሲያልቅ ጠመንጃውን ሽንኩርቱ ላይ አጋደመና ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። በበሬ ጠፍር ሲያስሩት «ንቦቹ ሄዱ?» ብሎ ጠየቀ። ቀና ብሎ፣ በደኅና ድምፅ።

አንጓች ጨዉን ይዛ ደረሰች። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን የምታስታውሰው ጨዉ ከእጇ አለመውደቁን ነው። ባሏን ስታነሳ፣ ስትሸኝ፣ ቤት ስትገባ፣ ጨዉ በእጇ ነበር። ማን እንደተቀበላት አታውቅም።

ሕጉ ሥራውን ሠራ። አዳሙ ተያዘ፣ ሐኪሞች አዩት፣ ዳኞች ሰሟቸው። ሲተኩስ የሚያደርገውን አያውቅም ነበር ተባለና ከተማ ወዳለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ወሰዱት፣ ከዘበኛ ጋር። የሕጉ ነገር በዚሁ አለቀ። የአገሩ ግን ገና አልተጀመረም።

የአገሩ እንዲህ ነው። ደም ሲፈስ የገዳይ ወገን ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከሟች ወገን ፊት ይቆማል። የሟች ወገን ተነስቶ ድንጋዩን በገዛ እጁ ካወረደለት ደሙ ደረቀ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጠመንጃ ያነሳ ከሰው ተራ ይወጣል። ድንጋዩ ካልወረደ ግን ደሙ እርጥብ ነው። ዳምጤ የአባቱን ጠመንጃ ወስዶ ቤት ማደር ትቷል። በበላቸው ማሳ ጥግ አየነው የሚሉ ሰዎች መጡ፤ በበላቸው ውኃ መቅጃ አየነው የሚሉም መጡ። አንጓች የሚመጡትን ሁሉ ቁጭ ብላ ትሰማቸዋለች። ባሏን ቀብራለች። ልጇ ገድሎ ሲሸፍት ወይም ሊገድል ሄዶ ሲሞት ለማየት ጉልበት አልቀራትም።

ታዲያ የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ውበቱ አንድ ቀን በትራቸውን ደገፍ ብለው ደጇ ደረሱ።

«አንጓች፣ ልጅሽ ቤቱ እንዲገባ ድንጋዩ መውረድ አለበት።»

«ማን ተሸክሞት ነው የማወርደው? አዳሙ የለ።»

«ቢኖርም እሱን አናሸክመውም። ያደረገውን ያላወቀ ሰው ድንጋይ ቢሸከም ድንጋይ ብቻ ነው የተሸከመው።»

«ታዲያ ማን ይሸከመው?»

አባ ውበቱ ረዘም ላለ ጊዜ መሬቱን በበትራቸው ጫር ጫር አደረጉ። «እኔ እንኳ እምቢ የሚል እንጂ እሺ የሚል አናገኝም ብዬ ፈርቼ ነበር። ያላሰብኩት መጣ። ሦስት ሰው ድንጋዩ የእኔ ነው ብሎ ቤቴ መጥቷል። ስሸኛቸው ሰነበትኩ፤ አልሸኝ አሉኝ።»

አንጓች አልሳቀችም፤ ግን ስትስቅ የምታደርገውን ትንፋሽ አወጣች።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ሕዝቡ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ትከሻ የሚያጎብጥ ጥቁር የወንዝ ድንጋይ መሀል ላይ ተቀመጠ። አንጓች ከፊት ተቀመጠች። ዳምጤም መጣ፤ ግን አልተቀመጠም። ከሰዉ ኋላ፣ ከቁልቋሉ አጥር ጋ፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ ቆመ። እናቱ ዞር ብላ አላየችውም። መምጣቱን ያወቀችው የሰዉ ወሬ ሲቋረጥ ነው።

መጀመሪያ የተነሳው ወንድሙ በላቸው ነው። ድንጋዩን አነሳ፣ ትከሻው ላይ አደረገ፣ ተናገረ።

«ወንድሜ ታሞ ነበር። እናንተን ቀፎ ሊገዛ ከአገር ወጣ አልኳችሁ፤ እኔ ጠበል ወስጄው ነበር። ንቦቹ ያሙኛል ይል ነበር። አጥቤዋለሁ፣ አጉርሼዋለሁ፣ ሲጮህ አፉን ይዤ አልቅሻለሁ። ኋላም እህት ትብለጥ መድኃኒት ሰጠችው፣ ዳነ። እንደ ድሮው ሆነ። አንድ ቀን ‹አያ በላቸው፣ እኩዮቼ ሁሉ ታጥቀዋል፤ እኔ ምን ጎድሎኝ ነው?› አለኝ። ምን ልበለው? አይሆንም ካልኩት የጎደለውን ነገርኩት ማለት ነው። ገዛሁለት። እዚህ ቆሜ፣ አማቾቹ እየሰሙ፣ ሙሉ ነው አልኩ። ያን ቀን ሙሉ ነበር፤ አልዋሸሁም ብዬ ነበር። ጠመንጃውን ያስያዘው የእኔ አፍ ነው። ድንጋዩ የእኔ ነው።»

ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እውነቱን ነው፣ ከሱ በላይ ማን ያውቅ ነበር?» አለ አንዱ። «ወንድሙን ነዋ፤ አንተስ ብትሆን ታጋልጠው ነበር?» አለው ጎረቤቱ። አንጓች የበላቸውን እጅ ታያለች። እጁ ድንጋዩን አጥብቆ ይዟል፣ እንዳይወስዱበት።

ቀጥላ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ተነሳች። ስሟ ትብለጥ ነው፤ አገሩ እህት ትብለጥ ይላታል። ቀጭን ናት። በላቸው ድንጋዩን አልሰጥም አላት፤ ወንዶቹ ተነስተው አስጣሉት። እሷም ተሸከመች፣ ጎበጠች፣ ተናገረች።

«እዚህ አገር ስመጣ መጀመሪያ ያየሁት በረት ውስጥ በሰንሰለት የታሰረች ልጃገረድ ነው። የማን ልጅ እንደሆነች አልናገርም፤ ዛሬ ባለትዳር ናት። ቤት ለቤት ዞርኩ። ‹አምጧቸው፣ እዚህ ክፍል የተነገረ ከዚህ ክፍል አይወጣም› አልኳችሁ። አምናችሁኝ አመጣችሁ፤ ሰንሰለቱ ተፈታ። ከነዚያ ሁሉ አንድም ሰው የነካ አልነበረም፤ የሚደበደቡት እነሱ ነበሩ። አዳሙ መድኃኒቱን መውሰድ ሲተው አወቅሁ። ቤቱ ሄድኩ፤ ‹ድኛለሁ እህት ትብለጥ፣ ማሬን ቅመሺልኝ› አለኝ። ሃምሳ አለቃው መጥቶ ጠየቀኝ፤ ‹ስለ በሽተኞቼ አልናገርም› አልኩት። አንድ ስም ከአፌ ቢወጣ የቀሩት ወደ ሰንሰለቱ ይመለሳሉ ብዬ ነው። ያንን ጠብቄ ይህንን አመጣሁ። አንድ ቃል ብናገር ጌጡ ዛሬ እዚህ ያስቀን ነበር። ድንጋዩ የእኔ ነው።»

ከሴቶቹ መሀል አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ማን እንደሆነች፣ ለምን እንደምታለቅስ፣ ማንም አልጠየቃትም። አንጓች ግን ልብ አለች፤ በአገሩ የሚታወቀውና የማይነገረው ስንት እንደሆነ ታሰባትና ደከማት።

ሦስተኛ ሃምሳ አለቃ ሞላልኝ ተነሳ። የድሮ ወታደር ነው፤ ድንጋዩን እንደ ሕፃን ብድግ አደረገው። የሱ ንግግር አጭር ነው።

«እኔ ጠመንጃውን ወስጄበት ነበር። ድልድዩን ሊጠብቅ ተራው በደረሰ ቀን ሄጄ ባየው ውኃው ላይ አነጣጥሮ ይጨቃጨቃል። ከማን ጋር? ከማንም። ጠመንጃውን ተቀበልኩት። በላቸው መጣና ‹በምን ማስረጃ?› አለኝ። እህት ትብለጥን ጠየቅሁ፣ አልነገረችኝም። ከዚህ ቀደም ደግሞ በወሬ የአንድ ሰው ጠመንጃ ወስጄ ነበር፤ አብዷል ብለውኝ። ወሬው የድንበር ጠላቱ ወሬ ኖሯል። ብዙም ሳይቆይ ሽፍታ መጣበት፤ ባዶ እጁን በገዛ ደጁ ገደሉት። ሚስቱ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም። እሱን አሰብኩና መለስኩለት። ሌላው የተወው የሰማውን ነው፤ እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው እንደ ወሬ ቆጥሬ የተውኩት። ድንጋዩ የእኔ ነው።»

ከዚያማ ሸንጎው ተረበሸ። አንዱ «ወንድምየው ነው» ይላል፣ አንዱ «አዛዥ ምን ሊሠራ ነው የተሾመው?» ይላል። አንዲት አሮጊት «ያቺን ልጅ ተዉአት፣ እሷ ባትኖር ግማሻችን ታስረን ነበር» ብትል «አንቺን መፍታቷ ነው ጥፋቱ» አላት አንድ ሽማግሌ፤ በዚያ ሁሉ መሀል ተሳቀ። «ለምን አይካፈሉትም?» ያለም ነበር። «በየተራ ይሸከሙት፣ አንጓችም በየተራ ታውርድላቸው።»

አባ ውበቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለሦስት ካካፈልነው ለማንኛቸውም አይከብድም። ነገ እያንዳንዱ ‹የኔ ድርሻ ትንሽ ነበረች› ብሎ ይተኛል። ድንጋዩ አንድ ነው። የሚያወርደው የሟች ወገን ነውና የማን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። ተነሺ፣ አንጓች። ከማን ትከሻ ታወርጂዋለሽ?»

አንጓች ተነሳች። ሦስቱ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ድንጋዩ እግራቸው ሥር ነው። ማንንም ብትጠራ ያ ሰው ይሸከመዋል፣ እሷ ታወርድለታለች፣ ዳምጤ ጠመንጃውን ያወርዳል፣ ነገሩ ያልቃል። አንድ ስም ብቻ ነው ከሷ የሚፈለገው። አሁን እኔ ብሆን አንዱን ጠርቼ ወደ ቤቴ በሄድኩ፤ እንዲያ ደክሟት ነበር።

እሷ ግን ሄዳ ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ አለችና መዳፏን ጣል አደረገችበት።

«ጌጡም መስክሯል» አለች።

ስሙን እስካሁን ከምስክሮቹ ጋር ያነሳው አልነበረም። ረስተውት አይደለም፤ ሙት አይወቀስም ብለው ትተውት ነው።

«ለመመስከር ሲጠየቅ ቤት መጥቶ ነገረኝ። ነጭ ሽንኩርት ሊያመጣ ሲሄድ አዳሙን ጠበሉ ቦታ አይቶት ኖሯል። ታስሮ። ‹ልናገር ወይስ ልተወው፣ አንጓች?› አለኝ። እግሩን እየታጠበ ነበር። እኔ ሽንኩርት እጎነጉናለሁ። ቀና እንኳ አላልኩም። ‹ድኗል አይደል? የሰው ትዳር አታፍርስ። ሙሉ ነው በልና ና› አልኩት። ሄደና አለ።» «የሚያስቀውን ከራሱ ጨመረበት። ሌላው የኔ ቃል ነው።»

አባ ውበቱ በትራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ክፋት አስቤ አይደለም» አለች አንጓች። «ማንኛቸውም ክፋት አላሰቡም። ይኼ ነው ያደከመኝ። አንድ ክፉ ሰው ብታገኙልኝ ዛሬውኑ አወርድለት ነበር።»

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ ወደ ቁልቋሉ አጥር አየች።

«ዳምጤ።»

«አቤት፣ እማዬ።»

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«እንግዲህ ሽማግሌዎቹ የድንጋዩን ባለቤት አላገኙም። እኔም አላገኘሁም። ባለቤቱ ሳይታወቅ ማንን ልትገድል ነው? አይ፣ ዝም ብዬ ልጀምር ካልክ ከእኔ ጀምር። ሩቅ አትሄድም፣ ቤት ነኝ።»

ልጁ ቆመ። ሰዉ ወደ እሱ ማየት ፈርቶ መሬት መሬቱን ያያል። ቆይቶ የቁልቋሉ አጥር ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። ቀና ሲሉ ዳምጤ ሄዷል፤ በየት በኩል እንደሄደ ያየው የለም። አንጓች ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና ቤቷ ገባች። እራት ሠርታ ለሁለት ሰው አቀረበች። መሸት ሲል ልጁ መጣ። ጠመንጃውን ከአባቱ ማንጠልጠያ ላይ ሰቀለው፣ ተቀመጠ፣ በላ። ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ አልተነጋገሩም።

ኋላስ እንዴት ሆኑ አትሉኝም? ልንገራችሁ።

በላቸው ጠመንጃ አይዝም። የወንድሙን ቀፎዎች የሚጠብቀው እሱ ነው፤ አይችልበትም፣ ንቦቹ ፊቱን አሳብጠውት ይገኛል። በቅርንጫፍ ተከላከል ቢሉት ዝም ይላል። ሠርጉ ሳይደርስ የቀረባት የአዳሙ እጮኛ ሌላ አገር ተዳረች፤ ደኅና ናት ይላሉ።

ሃምሳ አለቃ ሞላልኝ ሹመቱን መለሰ። በሱ ቦታ የመጣው ሰው አራተኛውን ጥያቄ ከዋርካው ሥር አይጠይቅም፤ ቤት ይሄዳል፣ እናትየውን ለብቻዋ ቀስ ብሎ ይጠይቃል። አንዳንዷ ትናገራለች። የሚበዙት አሁንም «ሙሉ ነው» ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እህት ትብለጥ እዚያው ናት። ከዚያ ወዲህ ሰዉ የሕሙማኑን ሁሉ ስም ካልሰጠሽን ብሎ አስጨነቃት፤ አልሰጠችም። ሕሙማኑ ግን ትሰጣለች ብለው ፈሩና መምጣት ተዉ። ከሁለት ቤት ጓሮ የሰንሰለት ድምፅ ይሰማል ይባላል። እሷም እንደ መጀመሪያው ቤት ለቤት መዞር ጀምራለች።

አዳሙ በሆስፒታሉ መድኃኒቱን ይወስዳል። አእምሮው ተመለሰለት፤ ከአእምሮው ጋር ያደረገውም ነገር ተመለሰለት። ብዙ አይናገርም። በላቸው ሊጠይቀው ሲሄድ አንድ ጊዜ ብቻ «ድንጋዩ የት ነው ያለው?» ብሎታል። በላቸው ምን ብሎ እንደመለሰለት አልተናገረም።

የሸክላ ሻጯን አስከሬን ወገኖቿ መጥተው ወሰዱ፤ ከዚያ ወዲያ ተመልሰው አልመጡም። ለእሷ ማን ድንጋይ እንደሚሸከምላት የጠየቀም የለም።

አንጓች በባሏ ቦታ ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች። ዋርካው ከፊት ለፊቷ ነው፤ ድንጋዩ እንደተቀመጠ ነው፣ ማንም አላነሳውም፣ ማንም አልተቀመጠበትም። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ሽማግሌዎቹ ይሰበሰባሉ፣ ይከራከራሉ፣ አይስማሙም፣ ይበተናሉ። ዳምጤም በየዓመቱ ይመጣል። ከቁልቋሉ አጥር ጋ ይቆማል፣ እስኪጨርሱ ይሰማል፣ ቤቱ ይገባል። ጠመንጃው ከማንጠልጠያው ላይ ነው። አልሸጠውም፤ ጥይቱንም አላወጣበትም።

እንግዲህ የኔ አለቀ፣ የእናንተ ተራ ነው። ወንድሙን ሰው ላድርገው ብሎ የመሰከረለት አለ። የበሽተኞቿን ምስጢር ጠብቃ ዝም ያለች አለች። በዓይኑ አይቶ የመለሰለት አለ። ሽንኩርት እየጎነጎነች ቀና ሳትል «ሙሉ ነው በል» ያለች አለች። ተከራከሩ፤ ግን ቀስ ብላችሁ፤ የአንዱን ስም ከመጥራታችሁ በፊት ዳምጤ ከኋላ ቆሞ እንደሚሰማ አስቡ። ድንጋዩ የማን ነው?